የፓተንት አገልግሎት ገበያ፦ ላቡ የሕንድ፣ ፊርማው የአሜሪካ

የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 10 ቀን 2007 ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሰጠ። በቢሮው ሕግ መሠረት ማንኛውም ወገን፣ ከየትኛውም አገር ቢሆን፣ የተሰጠን መብት በቢሮው ፊት መቃወም የሚችለው መብቱ ከተሰጠበት ዕለት ጀምሮ በሚቆጠር ዘጠኝ ወር ውስጥ ነው። ዘጠኙ ወር ያለ ተቃውሞ አለፈ። ከዚያ በኋላ መብቱን ማሰረዝ የሚፈልግ ሁሉ በየአገሩ ፍርድ ቤት እየዞረ መከራከር ግድ ሆነበት። የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን በሆላንድ ምድር ዋጋ ያሳጣው እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2018 ነው፤ ያውም ክርክሩ በሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች መካከል እንጂ ኢትዮጵያ ተከራካሪ ሆና የቀረበችበት አልነበረም።

የጤፉ ታሪክ እስካሁን የተነገረው ባመዛኙ በቁጭት ነው። ቁጭቱም አይነቀፍም። የገበያ ሰው ግን ሌላም ነገር ይጠይቃል። በዓለም ላይ በየሳምንቱ የሚታተመውን የፓተንት ሰነድ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ማነው? ለንባቡ ስንት ያስከፍላል? ከፋዩስ ማነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት በደልሂ ዳርቻ ወደሚገኙት ጉርጋኦንና ኖይዳ፣ እንዲሁም በደቡብ ወደ ባንጋሎር መመልከት ይበቃል። በእነዚህ ከተሞች የሌላውን ሰው ፈጠራ በማንበብ የሚተዳደር ኢንዱስትሪ ቆሟል። ከሠለጠነው ዓለም ወደ ደሃ አገሮች ከሚሰደዱት ሥራዎች ሁሉ ስለዚህኛው የሚወራው ጥቂት ነው፤ ለተማረ ሰው የሚከፍለው ግን ስልክ ከማንሳት ሥራ ይበልጣል።

ሸቀጡ ምንድነው?

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በቅድሚያ የሚሸጠውን ዕቃ መለየት ያሻል። ፓተንት ለአንድ ፈጠራ መንግሥት ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጠው የብቻ መብት ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሮአዊ ንብረት ስምምነት፣ በተለምዶ ትሪፕስ የሚባለው፣ ይህ ጊዜ ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንስቶ ከ20 ዓመት እንዳያንስ ወስኗል። መብቱን ለማግኘት ግን ፈጠራው በእርግጥ አዲስ መሆኑና ማንኛውም የሙያው ሰው በቀላሉ የሚደርስበት አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። ሥራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የአሜሪካ ኩባንያ አዲስ የውኃ ፓምፕ ሠራሁ ቢል፣ ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት ያንኑ ነገር ቀድሞት ያሰበ ሰው አለመኖሩን ማወቅ ይፈልጋል። ይህን የሚያጣራለት ባለሙያ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ፣ በጃፓንኛ፣ በቻይንኛ የታተሙ የቀድሞ ፓተንቶችን፣ የሳይንስ መጽሔቶችን፣ አንዳንዴም የድሮ የዕቃ ካታሎጎችን ሳይቀር ያገላብጣል። ከመቶዎቹ አምስት ወይም ስድስት ያስቀራል፤ እነዚያን ከደንበኛው ፓምፕ ጋር አንቀጽ በአንቀጽ ያመሳክራል። ይህ የጠበቃ ሥራ አይደለም፤ ፓምፕ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። ጉዳዩ መድኃኒት ከሆነ ኬሚስት፣ ስልክ ከሆነ የኤሌክትሮኒክስ ኢንጂነር ይጠይቃል። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ሥራው ለብዙ ዘመን በጠበቃ ቢሮ ውስጥ ይሠራ ስለነበር ዋጋውም የጠበቃ ዋጋ ሆኖ ኖሯል። የዚህ ገበያ ምስጢር ግማሹ ይኸው ነው።

ከፍለጋው ቀጥሎ ማርቀቅ ይመጣል። ባለቤቱ መብቴ ከዚህ እስከዚህ ነው ብሎ አጥሩን የሚያጥረው በይገባኛል አንቀጾቹ ነው፤ አንዲት ቃል ብትሰፋ መርማሪው ይጥላታል፣ ብትጠብ ተፎካካሪው በጎን ያልፋል። ከዚያ በቢሮው ደንብ ልክ የሚሠራ የመስመር ንድፍ አለ። ተፎካካሪ ምን እንዳስገባ በየሳምንቱ የሚያይ የክትትል ሥራ አለ፤ ማመልከቻዎች እንደ ደንቡ በ18 ወራቸው ስለሚታተሙ የነቃ ሰው መብቱ ከመሰጠቱ አስቀድሞ ያያቸዋል። በመጨረሻም መብቱን በሕይወት ለማቆየት የሚከፈል ክፍያ አለ። በአሜሪካ መብቱ በተሰጠ በሦስት ዓመት ተኩል፣ በሰባት ዓመት ተኩልና በአሥራ አንድ ዓመት ተኩል ይከፈላል፤ በሌሎች ብዙ አገሮች በየዓመቱ ነው። በሃያ አገር መቶ ፓተንት ያለው ኩባንያ በዓመት ስንት የመክፈያ ቀን እንዳለው አንባቢ ያስላው። አንዱ ቢዘነጋ መብቱ ይሞታል።

የሥራው መጠንም ቀላል አይደለም። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት እንዳሳወቀው እ.ኤ.አ በ2023 በዓለም ዙሪያ የቀረበው የፓተንት ማመልከቻ 3.55 ሚሊዮን ደርሷል። እያንዳንዱ ከቀደሙት ሁሉ ጋር መነጻጸር አለበት፤ ሰነዱ በጨመረ ቁጥር ለሚቀጥለው አመልካች የሚነበበውም ይጨምራል። ምርቱ ራሱ ፍላጎቱን የሚወልድ ገበያ እንዲህ ያለ ብዙ የለም።

ሕንድ እንዴት ገባችበት?

የተለመደው መልስ ርካሽ ጉልበትና እንግሊዝኛ የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን አይበቃም። ርካሽ ጉልበትና እንግሊዝኛ ያላቸው አገሮች ብዙ ናቸው።

ሕንድ እ.ኤ.አ በ1970 ያወጣችው የፓተንት ሕግ ለመድኃኒት ምርት መብት አይሰጥም ነበር፤ የሚጠበቀው የአሠራሩ ዘዴ ብቻ ነበር። በመሆኑም የሕንድ መድኃኒት ፋብሪካዎች ኬሚስቶቻቸውን አስቀምጠው የአውሮፓንና የአሜሪካን ፓተንቶች ያስነብቡ ነበር፤ ያንኑ መድኃኒት በሌላ መንገድ መሥራት የሚቻልበትን ቀዳዳ ለማግኘት። ሲፕላ የተባለው የሙምባይ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ2001 የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቶችን ቅንብር ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት በ350 ዶላር ለበጎ አድራጎት አቀርባለሁ ብሎ ዓለምን ያስደነገጠው ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥቶ ነው፤ የምዕራባውያኑ ዋጋ በዚያን ዘመን ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ነበር። እንግዲህ ሕንድ የፓተንት አገልግሎት መሸጥ ከመጀመሯ በፊት ሠላሳ ዓመት ያህል ፓተንት ስታነብ ኖራለች። አንባቢዎቹ ተዘጋጅተው ነበር፤ የጎደለው ደንበኛ ብቻ ነው።

ደንበኛውን ያመጣው ግሎባላይዜሽን ነው። ትሪፕስ እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 በሥራ ላይ ሲውል ሕንድ ሕጓን እንድታስተካክል የአሥር ዓመት ዕድሜ አገኘች። ብዙዎች የአገሪቱ መድኃኒት ኢንዱስትሪ አለቀለት ብለው ነበር። እ.ኤ.አ በዲሴምበር 1998 ሕንድ የፓሪስ ስምምነትንና ማመልከቻን በአንድ በር ወደ ብዙ አገሮች የሚያስገባውን የፓተንት ትብብር ስምምነት ተቀላቀለች። በ2005 የምርት ፓተንት መስጠት ጀመረች። በዚህ መሐል በደልሂ ያለ ኬሚስትና በኒው ጀርሲ ያለ ኬሚስት የሚሠሩበት የሕግ ቋንቋ እየተቀራረበ ሄደ። ሥራው ድንበር ሊሻገር የቻለው ሕጉ ቀድሞ ስለተሻገረ ነው።

አንድ ሌላ ክስተትም አለ። እ.ኤ.አ በ1995 የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ እርድ ለቁስል ማዳኛነት እንዲውል ለሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል መብት ሰጠ። በሕንድ እርድ ቁስል ላይ መነስነስ የአያት ዕውቀት ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕግ በውጭ አገር በአፍ የሚታወቅን ነገር እንደ ማስረጃ አይቀበልም ነበር፤ የታተመ ወረቀት ይጠይቃል። በዶክተር ማሼልካር ይመራ የነበረው የሕንድ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት አንድ የድሮ የሳንስክሪት ጽሑፍና እ.ኤ.አ በ1953 በሕንድ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ጽሑፍ የሚገኙባቸውን ከሠላሳ በላይ ማስረጃዎች ሰብስቦ ቀረበ። በ1997 መብቱ ተሰረዘ። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ሕንድ የባህል ሕክምና ዕውቀቷን በአምስት የውጭ ቋንቋዎች እየተረጎመች የፓተንት መርማሪዎች ሊፈትሹት በሚችሉት ቋት ውስጥ አስገባች። ከገንዘቡ ባሻገር ይህ ጉዳይ ለአገሪቱ ወጣት ሳይንቲስቶች ፓተንት ማንበብ ትልቅ ሥራ መሆኑን ሳያሳያቸው አልቀረም።

በዚህ ጊዜ ነው አሎክ አጋርዋልና ማርክ ፎለንቫይደር የተባሉ ሁለት ሰዎች የተገናኙት። የመጀመሪያው የአይ.ቢ.ኤም.ን የምርምር ላቦራቶሪ በደልሂ ያቋቋመ፣ ሁለተኛው ከማኪንዚ የምክር አገልግሎት ድርጅት የወጣ ነው። እ.ኤ.አ በ2000 መጨረሻ ኢቫልዩሰርቭ የሚባል ኩባንያ መሠረቱ። የገበያ ጥናት፣ የኩባንያ ትንተናና የፓተንት ፍለጋ ይሸጣል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የዕውቀት ሥራ አውትሶርሲንግ የሚል ስም ሰጡት፤ በምሕጻሩ ኬፒኦ። ኩባንያው ዘርፉ በ2010 በዓለም ደረጃ 17 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል ብሎ ተንብዮ ነበር፤ ከዚህም አብዛኛው የሕንድ እንደሚሆን። ትንበያውን ያወጣው ዕቃውን የሚሸጠው ነጋዴ ራሱ መሆኑን ልብ ይሏል። ይሁንና ቁጥሩ በየጋዜጣው ተዞረ፤ ባለሀብቱም ተከተለ። በ2004 ፓንጂያ ስሪ የተባለ ኩባንያ በኒውዮርክ ደንበኛ፣ በሙምባይ ሠራተኛ ይዞ የሕግ ሥራ መሸጥ ጀመረ። ቶምሰን ሮይተርስ በ2010 ገዛው፤ በ2019 ደግሞ ለኧርነስት ኤንድ ያንግ ተላለፈ።

ፊርማው የማን ነው?

የአሜሪካ ፓተንት ጠበቃ ሰዓቱን በመቶዎች ዶላር ሲሸጥ ጉርጋኦን የሚቀመጠው ኢንጂነር ሰዓት በአሥሮች ዶላር ይሸጥ ነበር። ልዩነቱ ኪስ የሚሞላ ነው። ጥያቄው ኪሱ የማን እንደሆነ ነው።

በአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ፊት ደንበኛ ወክሎ መቆም የሚችለው በቢሮው የተመዘገበ ጠበቃ ወይም ወኪል ብቻ ነው፤ ለመመዝገብም የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ መሆንን ይጠይቃል። የባንጋሎሩ ኢንጂነር ማመልከቻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጽፈው እንኳ አይፈርምበትም። ስሙም የለበትም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እ.ኤ.አ በኦገስት 2008 ባወጣው አስተያየት ሥራን ለውጭ ሰው ማሠራት አልከለከለም፤ ነገር ግን ኃላፊነቱ በጠበቃው ላይ እንደሚቆይ፣ ሥራውን መቆጣጠር እንዳለበትና የደንበኛውን ምስጢር መጠበቅ ግዴታው መሆኑን አስገነዘበ። የክፍያ ጉዳይም ተነሥቷል። ጠበቃው የውጭ ሥራውን እንደ ወጪ አድርጎ ካስከፈለ፣ ከደንበኛው ጋር ሌላ ስምምነት ከሌለው በስተቀር ዋናውን ዋጋና ተመጣጣኝ የአስተዳደር ወጪ ብቻ እንዲያስከፍል ነው። በራሱ ቁጥጥር የተሠራ የሕግ አገልግሎት አድርጎ ካቀረበው ግን ዋጋው ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ ጭማሪ ማድረጉ አልተከለከለም። ደላላ የሆነ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም።

ከዚህ አስተያየት ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር፣ የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ራሱ አንድ ማስታወቂያ አውጥቶ ገበያውን አስደንግጦ ነበር። ቢሮው በውጭ አገር ለማመልከት የሚሰጠው ፈቃድ፣ በአሜሪካ የሚቀርብ ማመልከቻ ለማስረቀቅ ሲባል ቴክኖሎጂውን ወደ ውጭ መላክን እንደማይሸፍን አስታወቀ። ምስጢሩን ኢሜይል አድርጎ ወደ ሕንድ መላክ ዕቃ ኤክስፖርት እንደ ማድረግ ስለሚቆጠር የንግድ ሚኒስቴሩን የኤክስፖርት ቁጥጥር ደንብ ማየት ግድ ነው ማለት ነው። ሥራው አልቆመም፤ ነገር ግን መልኩ ተለወጠ። ገና ያልታተመ ምስጢር የሚጠይቀው ማርቀቅ ሥጋት ሲገባበት፣ በታተመ ሰነድ ላይ ብቻ የሚሠራው ፍለጋ፣ ትንተናና ክትትል ተመራጭ ሆነ። ለአዲስ ገቢ አገር ይህ የምሥራች ነው፤ የታተመ ሰነድ ለማንበብ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

በሕንድም በኩል ክርክር ነበር። የአገሬው ጠበቆች እነዚህ ኩባንያዎች ያለ ፈቃድ ጥብቅና እየሠሩ ነው ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ ከማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ በማርች 2018 ሥራው በይዘቱ ጥብቅና እስካልሆነ ድረስ ኩባንያዎቹ አይከለከሉም አለ። እንግዲህ በሁለቱም አገር ሕጉ ያሰመረው መስመር አንድ ዓይነት ነው፤ ማንበብ ለሁሉም ክፍት ነው፣ መፈረም ግን ለተመረጠ።

ለመሆኑ ከዚህ ገበያ ዋናውን ገንዘብ ያገኘው ማነው? ለዚህ አንድ ጥሩ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ በ1969 በጀርሲ ደሴት የእንግሊዝ ፓተንት ወኪሎች ተሰብስበው የደንበኞቻቸውን የፓተንት ዓመታዊ ክፍያ በኮምፒዩተር እየተከታተለ የሚከፍል ድርጅት አቋቋሙ። በኋላ ሲፒኤ ግሎባል ተባለ፤ በኖይዳም ቢሮ ከፈተ። ክላሪቬት የተባለው የመረጃ ኩባንያ በ2020 ሲጠቀልለው ዋጋው 6.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተተምኗል። ፈጠራም አልፈጠረም፣ ችሎትም አልቆመም። ሒሳብ በቀኑ ከፈለ። ደንበኛው አንዴ የመክፈያ ቀኖቹን ካስረከበ በኋላ ወደ ሌላ ለመዛወር ይፈራል፤ ቀን ቢዘነጋ የሚጠፋው የኮሚሽን ገንዘብ ሳይሆን መብቱ ነውና። ነጋዴ ሁሉ የሚመኘው ደንበኛ እንዲህ ያለው ነው።

ማሽኑ ሲመጣ

ዛሬ አንድ ወጣት ኢንጂነር ሰብስቦ ጉርጋኦንን መቅዳት ይቻላል ብሎ የሚያስብ ባለሀብት ካለ ቆም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል። የመጀመሪያው የፍለጋ ዙር፣ ማለትም ከብዙ ሺህ ሰነድ ጥቂት መቶዎችን የመለየቱ ሥራ፣ እየዋለ እያደረ ወደ ማሽን ሄዷል። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ከ2012 ጀምሮ ማሽን የተረጎመውን ሰነድ በነፃ ያቀርባል። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ጽሑፍ አንብበው የሚያጠቃልሉ፣ አልፈውም የሚያረቁ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች በየቢሮው ገብተዋል። ሕንዶቹ በጀማሪነታቸው የተማሩበት የመሰላሉ የታችኛው ደረጃ እየተነቀለ ነው። የቀረው ማሽኑ ያወጣውን አይቶ ይህ ትክክል ነው፣ ይህ ደግሞ አይደለም ብሎ ስሙን የሚያስቀምጥ ሰው ሥራ ነው። ያ ሰው ለመሆን ግን በታችኛው ደረጃ ዓመታት ማሳለፍን ይጠይቅ ነበር። ችግሩ የሕንድም ጭምር ነው፤ ለዘግይቶ ገቢ ግን ይብሳል።

የአዲስ አበባ ድርሻ

በኢትዮጵያ በኩል ሒሳቡ ሲሠራ አንድ ነገር ተለውጧል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ብሎ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ለአስመጪ መከራ የሆነው ይኸው ለውጥ፣ በብር ደመወዝ እየከፈለ በዶላር ደረሰኝ ለሚቆርጥ የአገልግሎት ላኪ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ነገር ግን ከላይ እንደታየው ዋጋ ብቻውን ደንበኛ አያመጣም። ጉርጋኦን ሃያ አምስት ዓመት ይቀድማል።

ታዲያ የሚሻለው ጉርጋኦን የማይሠራውን መፈለግ ነው። አንደኛው አገር ውስጥ ያለ ነው። በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ነዋሪነቱ ወይም ዋና የሥራ ቦታው ከኢትዮጵያ ውጭ የሆነ አመልካች በወኪል መወከል አለበት። ማለትም በዚህ ገበያ ፊርማው የአዲስ አበባ ነው። ሕንዱ አንባቢ የሚመኘውን ነገር የአዲስ አበባው ወኪል በሕግ አግኝቶታል። የንግድ ምልክት ጥበቃው ለሰባት ዓመት ስለሆነ በየሰባት ዓመቱ ዕድሳት አለ። ማስፈጸሚያ ደንብ ቁጥር 273/2005 ሲወጣ ቀደም ሲል የተመዘገቡ ምልክቶች ሁሉ በ18 ወራት ውስጥ ዳግም እንዲመዘገቡ ማዘዙ ይታወሳል። የውጭ ኩባንያዎች ይህን የሚያውቁት የሚነግራቸው ሰው ሲኖር ነው። ቀን እየቆጠሩ የደንበኛን መብት ከሞት ማዳን በጀርሲ ቢሊዮን ዶላር ያወጣ ሥራ ከሆነ፣ በቦሌ መንገድ ላይ የአንድ ቢሮ ኪራይ መክፈል አያቅተውም።

ሁለተኛው የኢትዮጵያን ስም በውጭ መጠበቅ ነው። በቡናው ጊዜ ምን እንደሆነ ይታወሳል። በዘመኑ ጽሕፈት ቤት ይባል የነበረው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ በ2005 ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በንግድ ምልክትነት በአሜሪካ ለማስመዝገብ ተነሣ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስ ደግሞ ሲዳሞ የሚለው ቃል ያለበትን ምልክት አስቀድሞ በ2004 አመልክቶበት ነበር። ከብዙ ውዝግብ በኋላ በጁን 2007 ከኩባንያው ጋር የፈቃድ ስምምነት ተፈረመ። ይህ ሁሉ ሲሆን ኢትዮጵያን በመወከል የሠራው የዋሽንግተኑ አርኖልድ ኤንድ ፖርተር የጥብቅና ድርጅት ነው፤ ክፍያም አልጠየቀም። ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን አንድ አገር ዋናውን የኤክስፖርት ስሟን በነፃ አገልግሎት እያስጠበቀች ልትኖር አትችልም፤ ያው ጊዜ፣ ማለትም 2007፣ የጤፉ ዘጠኝ ወር ሲቆጠር የዋለበት ዓመት ነው። የቡናው ጉዳይ ጠበቃ፣ ጋዜጠኛና የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲረባረብበት፣ በሙኒክ መዝገብ ላይ የነበረው የጤፍ ወረቀት ቀኑ አለፈ።

ከጤፉ ጋር የተያያዘው ስምምነትም ሊጠቀስ ይገባል። ኩባንያው እ.ኤ.አ በ2005 ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር የጥቅም መጋራት ውል ገብቶ ነበር። በ2009 ኩባንያው ሲከስር ኢትዮጵያ ከውሉ ያገኘችው ጠቅላላ ገንዘብ 4,000 ዩሮ ያህል ነበር። ፓተንቱ ግን ከኩባንያው ኪሳራ በኋላ በሌላ እጅ ሆኖ ቀጠለ። ውል ያለ ክትትል ምን እንደሚያወጣ በቁጥር የተገለጸ ነው።

ሦስተኛው፣ ማሽኑ ሊሠራው የማይችለው፣ ያልተጻፈውን መጻፍ ነው። ማሽን የሚያነበው የተጻፈ ነገር ነው። እንዶድ፣ ኮሶ፣ ጌሾ፣ እንጀራ የሚቦካበት እርሾ፣ በግዕዝ ብራና ላይ ያለው የመድኃኒት መጽሐፍ፣ እነዚህ በፓተንት መርማሪ ቋት ውስጥ ካልገቡ ለመርማሪው የሉም። አሜሪካ ከ2013 ወዲህ ሕጓን አሻሽላ በውጭ አገር ለሕዝብ የታወቀን አጠቃቀም በማስረጃነት ትቀበላለች፤ ሆኖም ማስረጃው በመርማሪው እጅ ካልደረሰ ሕጉ መሻሻሉ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ሕንድ ይህን በመንግሥት ገንዘብ አደረገችው። ኢትዮጵያ ውስጥ ማን ይከፍልበታል የሚለው ክፍት ነው፤ ዕውቀቱን የሚፈልገው የመድኃኒትና የምግብ ኩባንያ ከፋይ ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ ደግሞ አንባቢው ለማን እንደሚሠራ መታየት አለበት። ያው ባለሙያ የአገሩን ዕውቀት ሊያስጠብቅም፣ ሊያሳልፍም ይችላልና።

ወጪውን በተመለከተ፣ እንዲህ ያለ ቢሮ ለመክፈት ፋብሪካ አያስፈልግም። አንድ ኬሚስት፣ አንድ ኢንጂነር፣ አንድ ፈቃድ ያለው የሕግ ባለሙያ፣ አስተማማኝ መብራትና ኢንተርኔት ይበቃል። ኢስፓስኔት የተባለው የአውሮፓ ቢሮ የፓተንት ቋት ለማንም በነፃ ክፍት ነው። የመጀመሪያው ደንበኛም ከካሊፎርኒያ የሚመጣ አይደለም። በብዙ አገሮች የንግድ ምልክት ባለቤት የሚሆነው ቀድሞ ያመለከተው ነው፤ ቻይና ዋነኛዋ ናት። የቡና፣ የሰሊጥና የቅመማ ቅመም ላኪው በየዓመቱ ዕቃውን ኮንቴይነር ውስጥ ሲያሽግ ስሙን በጆንያው ላይ ያትማል እንጂ ያ ስም በተቀባዩ አገር በማን ተመዝግቦ እንደሆነ አይጠይቅም። ተቀባዩ ወኪሉ ራሱ በስሙ አስመዝግቦት ቢያገኘው፣ በሚቀጥለው ዓመት ዕቃውን በሌላ ወኪል በኩል ለመሸጥ ሲሞክር ጉምሩክ ላይ ሊያዝበት ይችላል። ፍለጋው የአንድ ቀን ሥራ ነው።